ጡረታ ወጥቶ በአርቪ መኖር፦ ከወረቀቱ እስከ ምጣዱ

አሜሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድቶ፣ ፓርኪንግ ሠርቶ ወይም ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት አድሮ ጡረታ የወጣ ሀበሻ አሁን ብዙ ነው። ልጆች ወጥተዋል። ቤቱ አራት መኝታ ነው፣ የቀሩት ባልና ሚስት ብቻ ናቸው። «ይህን አገር ሳላየው አረጀሁ» የሚል ወሬ ሠርግ ላይም ለቅሶ ቤትም ይሰማል። ይህ መመሪያ ወሬውን ወደ ተግባር መለወጥ ለሚፈልግ ነው። አልጋ፣ ኩሽናና ሽንት ቤት ባለው መኪና፣ ማለትም በአርቪ፣ ትንሽ ጀልባና ሞተር ሳይክል ጭኖ አገሩን መዞር ለሚያስብ።

ሰው ሁሉ «የትኛው አርቪ ይሻላል?» ብሎ ይጀምራል። እኔ መኪናውን ወደ መሃል አወርደዋለሁ። መጀመሪያ የሚበላሸው ወረቀቱ ነው፤ ወረቀት ደግሞ መንገድ ላይ ሆኖ ማስተካከል ራስ ምታት ነው።

1. ከሜዲኬር ይጀምሩ

65 ዓመት ሲሞላዎት ሜዲኬር፣ ማለትም የመንግሥቱን የአረጋውያን የጤና ኢንሹራንስ፣ ለመመዝገብ ሰባት ወር አለዎት፦ ከልደት ወርዎ በፊት ሦስት ወር፣ የልደት ወሩ ራሱ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር። እርስዎ ወይም ባለቤትዎ ገና እየሠራችሁ በመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ካልተሸፈናችሁ በቀር ይህን ጊዜ ማሳለፍ ያስቀጣል። ለፓርት ቢ (የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምና ሽፋኑ)፣ ለዘገዩበት ለእያንዳንዱ 12 ወር 10 በመቶ ይጨመርብዎታል። ቅጣቱ አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም፤ ከወርሃዊ ክፍያው ጋር አብሮ ይኖራል።

ለተጓዥ ዋናው ምርጫ ግን ኦሪጂናል ሜዲኬር ወይስ ሜዲኬር አድቫንቴጅ የሚለው ነው። ኦሪጂናል መንግሥት ራሱ የሚያስተዳድረው ነው፤ አድቫንቴጅ የግል ኩባንያዎች የሚሸጡት፣ በቴሌቪዥን ሲያስተዋውቁት የሚውሉት ነው። ጥርስና መነጽር ይጨምራል፣ ወርሃዊ ክፍያውም ዝቅ ያለ ነው። ቤቱ ለሚቀመጥ ሰው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ግን በአካባቢው ሐኪሞች የተወሰኑ ናቸው። ሜሪላንድ የተመዘገበ ሰው አሪዞና ላይ ድንገተኛ ሕመም ቢይዘው ይሸፈናል። የቆየ የጉልበት ሕመሙን ሊታይ ቢፈልግ ግን ጣጣ ነው። ከስድስት ወር በላይ ከአካባቢው ከራቀም ፕላኑ ሊያስወጣው ይችላል።

ኦሪጂናል ሜዲኬር ግን ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ባለበት ሁሉ፣ በሃምሳውም ግዛት ይሠራል። ፓርት ቢ የማይከፍለውን 20 በመቶ ለመሸፈን ሜዲጋፕ የሚባለውን ተጨማሪ የግል ኢንሹራንስ ይጨምሩበታል። እዚህ ላይ ቀን ይቁጠሩ። 65 ሞልቶዎት ፓርት ቢ ከጀመረበት ወር አንስቶ ስድስት ወር ውስጥ ማንኛውም የሜዲጋፕ ኩባንያ እምቢ ሊልዎት አይችልም። ከዚያ በኋላ ግን በአብዛኛው ግዛት ስለ ስኳርዎና ስለ ደም ግፊትዎ ጠይቆ ሊመልስዎት ይችላል። ዓመቱን ሙሉ መዞር ካሰቡ የእኔ ምክር ኦሪጂናል ከሜዲጋፕ ጋር ነው። ውድ ነው፤ ግን ይሠራል።

ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው ሽፋን) ያለዎት ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሜዲኬይድ የየግዛቱ ነው። ነዋሪነትዎን ሲቀይሩ ይቋረጣል፣ አዲሱ ግዛት ላይ እንደገና ማመልከት አለብዎት። እንዲህ ያለ ሰው ግዛቱን ሳይለቅ ለበጋው ብቻ ወጣ ብሎ ቢመለስ ይሻለዋል።

የመድኃኒት ማዘዣዎን በየከተማው ቅርንጫፍ ወዳለው ፋርማሲ ያዛውሩ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ስምና መጠን በወረቀት ጽፈው ቦርሳዎ ውስጥ ያስቀምጡ። ስልክ ባትሪው ያልቃል።

2. አድራሻ ያብጁ

ቤት ባይኖርዎትም መንግሥት፣ ባንክና ኢንሹራንስ አድራሻ ይፈልጋሉ። ቤቱን የለቀቁ አርቪ ነዋሪዎች ብዙዎቹ ነዋሪነታቸውን ወደ ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ ወይም ደቡብ ዳኮታ ያዛውራሉ። ሦስቱም የግዛት የገቢ ግብር የላቸውም፣ ለተጓዥ ደብዳቤ ተቀብለው የሚልኩ ድርጅቶችም አሏቸው። ከታወቁት አንዱ ሊቪንግስተን፣ ቴክሳስ ያለው የኢስኬፒስ አርቪ ክለብ ነው። ሌላ ሰው ደብዳቤዎን እንዲቀበልልዎ 1583 የሚባለውን የፖስታ ቤት ቅጽ ሞልተው በኖታሪ ያስፈርማሉ።

ቤትዎን የማይሸጡ ከሆነ ይህን ሁሉ ይተዉት። የልጅዎ ቤት አድራሻ ካለ በቂ ነው፤ ያው ግዛት ከሆነ መንጃ ፈቃዱም፣ ታርጋውም፣ ሐኪምዎም ባሉበት ይቆያሉ።

ኢንሹራንስ ሲገዙ ግን እውነቱን ይናገሩ። አርቪው መኖሪያዎ ከሆነ ለሙሉ ጊዜ ነዋሪ የሚሸጥ ፖሊሲ አለ። ለዕረፍት ብቻ በሚሸጠው ገብተው ውስጡ እየኖሩ አደጋ ቢደርስ ክፍያው ላይ ክርክር ይነሳል።

3. ቤቱን ለመሸጥ አይቸኩሉ

የግብር ሕጉ ጊዜ ይሰጥዎታል። ከሽያጩ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን በባለቤትነት ኖረውበት ከሆነ፣ ከትርፉ ላይ ላጤ እስከ 250,000፣ ባልና ሚስት እስከ 500,000 ዶላር ከፌዴራል ግብር ነጻ ነው። ስለዚህ ቤቱን አከራይተው ሁለት ዓመት ዞረው፣ ኑሮው ካልተስማማዎት ይመለሱበታል። ከተስማማዎት ሦስተኛው ዓመት ሳያልቅ ይሸጡታል። ባከራዩበት ጊዜ የወሰዱት የዲፕሪሲዬሽን (የቤቱ እርጅና) ተቀናሽ ግን ግብር አለበት፤ ታክስ የሚሠራልዎትን ሰው አስቀድመው ያማክሩ።

4. ተከራይተው ይሞክሩ

ከመግዛትዎ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት ይከራዩ። ክሩዝ አሜሪካ የራሱን መኪናዎች ያከራያል፤ አውትዶርዚና አርቪሼር ላይ ደግሞ ሰዎች የግል መኪናቸውን ያከራያሉ። ሩቅ አይሂዱ። ከዲሲ ከሆኑ ሸናንዶዋ ይበቃል። ዝናብ ያለበት ሳምንት ቢያጋጥምዎ እሰየው፤ ሁለት ሰው በዝናብ ቀን እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ካልተኳረፈ ለኑሮው ብቁ ነው።

ሁለታችሁም ንዱ። ሁለታችሁም ፍሳሽ ልቀቁ። በእኛ ቤት ባል ይነዳል፣ ሚስት ታበስላለች የሚለው ልማድ እዚህ አደገኛ ነው። ነጂው መንገድ ላይ ቢታመም መሪውን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

5. አሁን መኪናውን ይምረጡ

ክላስ ኤ አውቶብስ የሚመስለው ትልቁ ነው። ክላስ ቢ ቫኑ ነው። ክላስ ሲ ከሹፌሩ በላይ አልጋ የወጣለት መካከለኛው ነው። ሌሎቹ በፒክአፕ የሚጎተቱ ተሳቢዎች ናቸው። ለሁለት ጡረተኛ ከ24 እስከ 28 ጫማ የሆነ ያገለገለ ክላስ ሲ የሚበልጠው አይታየኝም። ታክሲና ሊሞ ሲነዳ የኖረ ሰው በቶሎ ይለምደዋል፣ ብዙ የብሔራዊ ፓርክ ካምፖችም ውስጥ ይገባል። 40 ጫማ የገዛ ሰው የሚያማምሩት ቦታዎች በር ላይ ይመለሳል። አዲስ መግዛትም አልመክርም፤ ዋጋው የሚወርደው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው።

ያገለገለ አርቪ ዋናው ጠላቱ ውሃ ነው። ማይሉ ትንሽ ሆኖ ውስጡ የበሰበሰ ሞልቷል። ሲያዩት እንዲህ ያድርጉ፦ ሁሉም በርና መስኮት ተዘግቶ እንዲቆይ አስቀድመው ይጠይቁ፣ ከዚያ ገብተው መጀመሪያ ያሽትቱ። የሻጋታ ሽታ ካለ፣ ወይም ደግሞ ሽታ ማጥፊያ ከመጠን በላይ ተረጭቶ ከሆነ፣ ይጠርጥሩ። ቁምሳጥኖቹን ከፍተው የጣሪያውን ማዕዘን በአውራ ጣት ይጫኑ። እንደ ደረቀ ዳቦ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ከሰረጎደ ውሃ ገብቷል። ሻወሩ ሥር ወለሉን ይርገጡ። መሰላል ይዘው ጣሪያው ላይ ይውጡና በመስኮቶቹ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ መሰንጠቁን ይዩ። ልብዎ ከወደደው ደግሞ ከመክፈልዎ በፊት የተመሰከረለት የአርቪ መርማሪ ይቅጠሩ። ሻጩ «መርማሪ አላስገባም» ካለ ደህና ዋሉ ብለው ይሂዱ።

ጎማው ጥርሱ አዲስ መስሎ ሊያታልል ይችላል። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዝ አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አርቪ ቆሞ ስለሚከርም ጎማው ሳይነዳ ያረጃል። ስድስት ሰባት ዓመት ካለፈው የመቀየሪያውን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ያስቀንሱ።

6. ክብደትና ከፍታ

በሩ አካባቢ ስንት ፓውንድ መጫን እንደሚችል የሚናገር ተለጣፊ አለ። ውሃ ብቻውን በጋሎን ከ8 ፓውንድ በላይ ይመዝናል፤ 40 ጋሎን ሲሞሉ 330 ፓውንድ ገባ ማለት ነው። ጤፉን፣ ልብሱን፣ ጀልባውን ጭነው ሲጨርሱ ከባድ መኪናዎች የሚቆሙበት ነዳጅ ማደያ ጎራ ይበሉና ካት ስኬል በሚባለው የመኪና ሚዛን ላይ ያስመዝኑ። ከ20 ዶላር በታች ነው። ጎማ የሚፈነዳው አብዛኛውን ጊዜ ከክብደት ወይም ከንፋስ ማነስ ነው።

ከፍታዎን በጫማና በኢንች ጽፈው መሪው ፊት ለፊት ይለጥፉ። የጣሪያውን ማቀዝቀዣ ጨምረው ይለኩ። ዱራም፣ ሰሜን ካሮላይና፣ በግጭት ስሙ የወጣ የባቡር ድልድይ አለ። ከፍታው 11 ጫማ ከ8 ኢንች ነበር፤ በ2019 ወደ 12 ጫማ ከ4 ኢንች አሳደጉት፣ ዛሬም የሚገጨው አላጣም። ኒውዮርክ አካባቢ ፓርክዌይ የሚባሉት መንገዶችም ድልድያቸው ዝቅተኛ ነው፤ አርቪ ይዘው አይግቡባቸው። የስልክ ካርታ ይህን አይነግርዎትም። የመኪናዎን ቁመት የሚያስገቡበት የአርቪ ጂፒኤስ ይግዙ።

ከዲሲ ወደ ሰሜን የሚነዱ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የባልቲሞር ሁለቱ ዋሻዎች፣ በአይ-95 ያለው ፎርት ማክሄንሪና በአይ-895 ያለው ሃርበር ተነል፣ ከ10 ፓውንድ በላይ የሆነ የፕሮፔን ሲሊንደር የያዘ መኪና አያሳልፉም። የአርቪ የፕሮፔን መያዣ ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ ይበልጣል። ድሮ በኪ ብሪጅ፣ ማለትም በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ፣ ይዞሩ ነበር። ድልድዩ መጋቢት 17 ቀን 2016 (በፈረንጅ ማርች 26፣ 2024) በመርከብ ተገጭቶ ወድቋል። ባልቲሞርን በሚከብበው በአይ-695 ምዕራባዊ ጎን ይዙሩ።

7. ውሃ፣ ፍሳሽ፣ መብራት

አርቪ ሦስት ታንክ አለው፦ ንጹሕ ውሃ፣ ግራጫ (የሳህንና የገላ)፣ ጥቁር (የሽንት ቤት)። የጥቁሩን ቫልቭ ሁልጊዜ ዘግተው ያቆዩ። ክፍት ከተውት ፈሳሹ ወርዶ ደረቁ ይቀርና ይቆለላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግርዎትም። ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ ጓንት ያጥልቁ፣ ቱቦውን ያገናኙ፣ መጀመሪያ ጥቁሩን ይልቀቁ። ሲያልቅ ዘግተው ግራጫውን ይልቀቁ፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን ያጥበዋል። ለመጠጥ ውሃ የሚሆነው ቱቦ ለብቻው ይቀመጥ፣ ከፍሳሹ ጋር አንድ ሳጥን ውስጥ አይግባ።

መብራቱ 30 ወይም 50 አምፕ ነው። 30 አምፕ ማለት በጠቅላላው 3,600 ዋት ነው። ይህን ቁጥር ይያዙት፣ ለእንጀራው ያስፈልገናል።

8. እንጀራና ቡና

የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 1,500 ዋት ይወስዳል። የጣሪያው ማቀዝቀዣም ያን ያህል ነው። የውሃ ማሞቂያው በኤሌክትሪክ ከሆነ እሱም ይጠጋል። ሦስቱ አብረው ከበሩ ብሬከሩ ጧ ይልና እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ምጣዱ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በጋገሩ ቀን ማቀዝቀዣውን ያጥፉ፣ የውሃ ማሞቂያውን ወደ ጋዝ ይቀይሩ፣ ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ይጋግሩ። ከሁሉ የሚሻለው ውጭ ጠረጴዛ ላይ ነው። እንፋሎቱ ውስጥ ከታፈነ ግድግዳው ያልበዋል፣ ሻጋታ ይከተላል።

ሊጡ በመንገድ አይወድም። ባልዲውን ግማሽ ብቻ ይሙሉ፣ በመንዳት ቀን ሻወሩ ውስጥ ያስቀምጡት። ቢገነፍል እዚያው ይታጠባል። ይልቅስ ቆም ብለው የሚሰነብቱበት ቦታ ሲደርሱ ቢያቦኩ ያምራል፤ ለመንገዱ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቋንጣና ዳቦ ቆሎ ይበቃል።

ቡና ውጭ ይቁሉ። ውስጥ ከቆሉ የጭስ ማስጠንቀቂያው ጎረቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ከሰል ግን ቀልድ የለውም። ለዕጣን ብላችሁ እንኳ አርቪ ውስጥ ከሰል አታስገቡ። ቦታው ጠባብ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ተኝቶ የነበረ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። የካርቦን ሞኖክሳይድና የጋዝ ማስጠንቀቂያዎችን በየጊዜው ይሞክሩ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ የጋዙ ማስጠንቀቂያ ወለሉ አጠገብ ነው የሚገጠመው፤ ዕቃ አይደርድሩበት። ሁለቱም የማብቂያ ቀን አላቸው።

9. የት ይታደራል?

62 ዓመት ከሞላዎትና ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለዎት ከሆነ ሲኒየር ፓስ የሚባለውን የፌዴራል ፓርኮች መግቢያ ካርድ ያውጡ። የዕድሜ ልኩ 80 ዶላር፣ የአንድ ዓመቱ 20 ዶላር ነው። በመኪና በሚከፈልበት ፓርክ አብረዎት ያሉትን ሁሉ ያስገባል። ብዙ የፌዴራል ካምፖች ላይ ደግሞ የማደሪያውን ዋጋ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚህ የተሻለ 80 ዶላር አላውቅም።

ምዕራብ ላይ ቢኤልኤም የሚባለው መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረው የመንግሥት መሬት አለ። አብዛኛው ላይ ያለ ክፍያ 14 ቀን መሰንበት ይቻላል፤ ከዚያ ቦታ መቀየር ነው። ክረምቱን በሙሉ ለመቀመጥ ደግሞ ኳርትዝሳይት፣ አሪዞና አጠገብ ላ ፖሳ የሚባለው የረዥም ጊዜ ማረፊያ አለ። ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 የሚያገለግል ፈቃድ ይገዛሉ። በረሃ ነው፣ መብራት በየቦታው አይሰካም፤ የፀሐይ ፓነል ያስፈልግዎታል። ግን በጥር ወር በሸሚዝ ይቀመጣሉ።

ዋልማርት ግቢ ማደር የሚቻለው የዚያ ሱቅ ሥራ አስኪያጅ ከፈቀደ ነው። ገብተው ይጠይቁ፣ ወንበርና ጥላ ዘርግተው አይቀመጡ። ብዙ የግዛት ፓርኮች ደግሞ ካምፕ ሆስት ይፈልጋሉ፦ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት እንግዳ እየተቀበሉ፣ ምድጃ እያጸዱ በነጻ መቀመጥ ነው። ሰው ለሚወድ ተጫዋች ሰው ይሆናል።

አርቪ ነዋሪዎች 3-3-3 የሚሉት ልማድ አላቸው። በቀን ከ300 ማይል በላይ አይንዱ፣ ከሰዓት በኋላ በ3 (በሀበሻ 9 ሰዓት) ይድረሱ፣ ሦስት ቀን ይሰንብቱ። ለኪስም ይበጃል። ክላስ ሲ በጋሎን ከ8 እስከ 10 ማይል ነው የሚሄደው። በወር 1,000 ማይል ከነዱ ከ100 ጋሎን በላይ ነው፤ 3,000 ከነዱ ደግሞ ጡረታዎን ነዳጅ ማደያው ጋር ይካፈሉታል።

10. ጀልባውና ሞተሩ

ለጀማሪ በአየር የምትነፋ ካያክ፣ ማለትም ትንሽ የመቅዘፊያ ጀልባ፣ ትበቃለች። ታጥፋ አልጋ ሥር ትገባለች፣ ሞተር ስለሌላት በአብዛኛው ግዛት ምዝገባ አይጠየቅባትም። ለእያንዳንዱ ሰው በኮስት ጋርድ የጸደቀ ላይፍ ጃኬት መኖሩ ግዴታ ነው። መልበሱን ደግሞ እኔ ግዴታ አደርገዋለሁ፤ ጣናን ከዳር ሆኖ አይቶ ያደገ ሰው ሁሉ ዋናተኛ አይደለም። የልጅ ልጅ ከመጣ፣ ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ በምትሄድ ጀልባ ላይ መልበስ አለበት። ምዕራብ ላይ «የጀልባ ምርመራ» የሚል ጣቢያ ሲያዩ ይቁሙ። ዜብራና ኳጋ የሚባሉ ዛጎል ያላቸው ትናንሽ የውሃ ፍጥረታት ከሐይቅ ወደ ሐይቅ እንዳይዛመቱ ነው። ከውሃ ሲወጡ ያጽዱ፣ ውሃውን ያፍስሱ፣ ያድርቁ።

ሞተር ሳይክሉ የሚጠቅመው ቤቱን ካቆሙ በኋላ ወተት ለመግዛት ትልቁን መኪና ላለመንቀል ነው። 100 ኪሎ አካባቢ የሆነች እንደ ሆንዳ ግሮም ያለች ከኋላ ተሸካሚ ላይ ትጫናለች። ከኋላ ጎማ ባሻገር የተንጠለጠለ ክብደት ግን የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፣ መሪውም ይላላል። የመንጠቆውን የክብደት ወሰን አይተው ይጫኑና እንደገና ካት ስኬል ላይ ይውጡ። ለመንጃ ፈቃዱ ክላስ ኤም ያስፈልጋል። ከ60 በላይ ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተር የሚይዙ ከሆነ ስልጠና ሳይወስዱ አይንኩት። ሚዛንዎ ድሮ እንደነበረው ካልሆነ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ወይም ሦስት እግር ያለው ይሻላል።

11. ከሰው እንዳይርቁ

የእድር መዋጮዎን በባንክ በራሱ እንዲከፈል ያድርጉ፤ በስብሰባ የሚወክልዎ ሰው ይሰይሙ። ለልጅዎ ሕጋዊ ውክልናና የጤና ውሳኔ ውክልና ይስጡ፣ ግልባጩ አርቪው ውስጥ ይኑር። መስመርዎን ሲያወጡ አትላንታን፣ ዳላስን፣ ዴንቨርን፣ ላስ ቬጋስን፣ ሎስ አንጀለስን፣ ሲያትልን መሃል መሃል ላይ ያስገቡ። ጤፍ ይገኛል፣ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ አማርኛ ይሰማል። ፋሲካን በረሃ ላይ ብቻዎን አይዋሉ።

12. ማቆሚያውን ከአሁኑ ይነጋገሩ

ባልና ሚስት ቁጭ ብላችሁ ምን ሲሆን እንደምታቆሙ ወስኑ። ማታ መንዳት ሲያስቸግር? ጣሪያ ላይ መውጣት ሲያቅት? ሐኪም በየወሩ ሲቀጥር? የዓይን ምርመራ በየዓመቱ ያድርጉ። መኪናውን የሚሸጡ ከሆነ ደግሞ በጸደይ፣ ሰው ለበጋው ሲገዛ ይሽጡት። በኖቬምበር ያወጡት አርቪ ግቢ ውስጥ በረዶ ሲወርድበት ይከርማል።